ጥቃት ለደረሰበት ሰው መጀመሪያ ማን ይደውላል?

ፖርትላንድ፣ ኦሪገን። በከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ 31ኛው ጎዳና ከፓይን መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ከመንገዶቹ ስም በላይ የአንድ ሰው ስም ተሰቅሏል፤ ሙሉጌታ ሥራው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጽፏል። ከተማው ይህን ያደረገው ሙሉጌታ በተገደለ በ30ኛው ዓመት፣ በ2018 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የአገሬን ፊደል በአሜሪካ የመንገድ ምሰሶ ላይ ሳይ ደስ ቢለኝ በወደድኩ። ባለፍኩ ቁጥር የሚሰማኝ ግን ቁጭት ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ ልጆቻችን ባጭሩ ልንገር። ሙሉጌታ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ለትምህርት ነው የመጣው። ኮሌጅ እየተማረ፣ ጎን ለጎን ከአየር ማረፊያ መንገደኞችን ወደ መኪና ኪራይ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ነበረው። ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ ለእሑድ አጥቢያ ሁለት ሐበሻ ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ድረስ አምጥተውት መንገድ ላይ እየተሰነባበቱ ነበር። ስኪንሄድ የሚባሉ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ወጣቶች ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር በሌላ መኪና ደረሱ። መንገድ ዘጋችሁ በሚል ጭቅጭቅ ተነሳ፤ የዘር ስድብ ተከተለ፤ ከዚያ አንደኛው የቤዝቦል ዱላ ይዞ ወረደ። ሙሉጌታ ጭንቅላቱን ተመታ፤ አልተረፈም። ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ተፈረደባቸው። በዱላ የመታው ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ2011 እስረኛ ሳለ ሞተ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከሙሉጌታ ስም ጎን እንዲነበብ አልፈልግም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990 የሙሉጌታ አጎት አቶ እንግዳው ብርሃኑ በቤተሰቡ ስም ቶም ሜትዝገር የሚባለውን የካሊፎርኒያ ሰው ከሰሱ። ጠበቃቸው ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ከተባለው የመብት ድርጅት ሞሪስ ዲስ ነበሩ፤ አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የተባለው የአይሁድ የመብት ድርጅትም አብሯቸው ቆመ። ሜትዝገር በሙያው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሲሆን ነጮችን በዘር የሚያደራጅ ማኅበር ይመራ፣ በስልክ በሚደመጥ መልእክትና በኬብል ቴሌቪዥን ጥላቻ ይሰብክ ነበር። በዚያች ሌሊት ፖርትላንድ አልነበረም። ዱላም አልያዘም። ክሱ የቆመው በዚህ ነው፦ ከግድያው ጥቂት ሳምንታት በፊት መልእክተኛውን ወደ ከተማው ልኮ ስኪንሄዶቹን አደራጅቷል፣ ለጠብም ገፋፍቷል። መልእክተኛው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ዳኝነት የተቀመጡት ነዋሪዎች ሜትዝገር፣ ልጁ፣ ማኅበሩና ከሦስቱ ወጣቶች ሁለቱ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰኑ። የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1993 ውሳኔውን አጸናው። ሜትዝገር ቤቱን ሳይቀር አጣ።

እኛ ሐበሾች ይህን ፍርድ ስናወራው ደስ ይለናል፤ የሚያስደስትም ነው። በተጠቂ ቤተሰብ እጅ ያለ የፍትሐ ብሔር ክስ አንድን የጥላቻ ድርጅት ምን ያህል ሊያራቁት እንደሚችል ያሳየ ነው። ሆኖም የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስለማገለግል ሁልጊዜ የማስበው ከግድያው በፊት ስለነበሩት ወራት ነው። ስኪንሄዶቹ ተደብቀው አልነበሩም። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ መሀል ከተማ ላይ ከእስያ የመጣ ሰው በሚስቱና በልጁ ፊት ደብድበዋል። ፓርክ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ወረቀት ይበትናሉ፤ ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። ብዙ ሰው አይቷቸዋል። ያየው ግን በየራሱ አየ፤ ለማን እንደሚናገርም አላወቀም። ይህ ግዛት በ1857 ባጸደቀው ሕገ መንግሥቱ ጥቁር ሰው እንዳይሰፍርበት የከለከለ፣ አንቀጹንም እስከ 1926 ድረስ ያልሰረዘ መሆኑን ሳስብ ዝምታው ብዙም አይገርመኝም። ግን ይቆጨኛል።

ከዚህ ቁጭት ትምህርት ወስዶ ወደ ሥራ የለወጠ ሰው ያገኘሁት ከእኛ ከተማ ርቆ፣ ሞንታና ውስጥ ነው። ዌይን ኢንማን ይባላል። በሙሉጌታ ዘመን ፖርትላንድ ውስጥ ፖሊስ ነበር። በኋላ ቢሊንግስ የምትባል ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ሄደ። ያኔ ቢሊንግስ 80 ሺሕ ያህል ሰው፣ አብዛኛው ነጭ፣ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። የጥላቻ ወረቀቶች መበተን ሲጀምሩ ብዙ ሰው "ችላ ብንላቸው ይተዉታል፤ ወሬ ብናደርገው ይብስባቸዋል" አለ። ኢንማን ግን ፖርትላንድ ላይ ያየውን አስታወሳቸው፤ እዚያም በወረቀትና በስድብ ተጀምሮ በአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሞት ማለቁን ነገራቸው። የሙሉጌታን ታሪክ ይዞ የሄደው የኛ ማኅበር ሳይሆን አንድ ፈረንጅ ፖሊስ መሆኑን ሳነብ ብዙ ነገር ተሰማኝ፤ ከሁሉ የበለጠው ግን ምስጋና ነው።

በ1993 ቢሊንግስ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። የነባር አሜሪካውያን ተወላጅ የሆነች ሴት ቤት ላይ የናዚ ምልክትና ስድብ ተጻፈ። የከተማው ቀለም ቀቢዎች ማኅበር አባላት፣ ወደ 30 ያህል ሰዎች፣ ብሩሻቸውን ይዘው መጥተው ቤቷን ቀቡላት። ጥቁሮች ወደሚያመልኩባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስኪንሄዶች ገብተው እያስፈራሩ ከኋላ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን እየመጡ ከጥቁሮቹ ጋር ወንበሩን ሞሉት። በዲሴምበር ደግሞ አንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ቤት የብሎኬት ድንጋይ ተወርውሮ የትንሹን ልጅ መኝታ ክፍል መስኮት ሰበረ። መስኮቱ ላይ ለሐኑካ በዓል የሚበራ መቅረዝ ነበር። እናቲቱን የመከሯት የጸጥታ ሰዎች መቅረዙን እንድታነሳው ነገሯት። እሷ ይህንን ለልጄ እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ ብላ ለጋዜጣ ተናገረች።

ያንን ያነበበች የሞንታና አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ኃላፊ ለሌሎች ደወለች፤ ለምን ሁላችንም መቅረዝ መስኮታችን ላይ አናደርግም አለች። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እየሳሉ መለጠፍ ጀመሩ። ቢሊንግስ ጋዜት የተባለው የከተማው ጋዜጣ የመቅረዝ ሥዕል በሙሉ ገጽ አትሞ ሰው ቆርጦ እንዲለጥፍ አደረገ። እስከ 10 ሺሕ በሚደርሱ ቤቶች መስኮት ላይ እንደተለጠፈ ይነገራል፤ አብዛኞቹ የክርስቲያን ቤቶች ናቸው። ዋጋም ከፈሉበት፤ መቅረዙን የለጠፉ ሰዎች መስኮት ተሰበረ። እነሱ ግን አላነሱትም። ቀስ በቀስ ጥቃቱ ቆመ። ታሪኩ በ1995 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በዘጋቢ ፊልም ሲቀርብ ሌሎች ብዙ ከተሞች ተከተሉት።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚይዘኝ የመቅረዙ ብዛት አይደለም። ማን ምን እንደሠራ ነው። ቀቢው ቀባ፤ ጋዜጣው አተመ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሄዶ ተቀመጠ። ማንም ያልለመደውን ሥራ አልጀመረም። ተጠቂዎቹም ሰልፍ አስተባብሩ፣ ንግግር አድርጉ አልተባሉም።

ይህንን ወደ እኛ ሰፈር ላምጣው። አንዲት የእድራችን አባል እንጀራ፣ በርበሬና የቡና ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። አንድ ጠዋት በሩ ላይ በጥቁር ስፕሬይ ወደ አገራችሁ ሂዱ የሚልና ሌላ፣ እዚህ የማልደግመው ስድብ ተጽፎ አገኘች። እኔ ስደርስ በረኪናና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዛ እየፈገፈገች ነበር።

"እትዬ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ፎቶ እናንሳው" አልኳት።

"ተይው በእናትሽ። ደንበኛ ሳያይ ላጥፋው። ሰው አይስማብኝ።"

ሰው አይስማብኝ። ይህችን ነገር ስንቱ አፍ ላይ ሰምቻታለሁ። የተሰደበችው እሷ፣ የምታፍረውም እሷ። በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ስር የሚደረገው የተጠቂዎች ጥናት ከጥላቻ ወንጀሎች ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጠው፣ ለፖሊስ እንደማይነገር ያሳያል። በእኛ መካከልማ ስደተኝነቱ፣ ቋንቋው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ጭንቀት፣ ገበናን የመሸፈን ልማዳችን ሲጨመርበት ዝምታው እንደሚብስ ለመገመት ጥናት አያስፈልገኝም።

እጇን ይዤ አስቆምኳት። ከመንገዱ ማዶ ሆነን የቤቱ ቁጥር ጭምር እንዲታይ ፎቶ አነሳን፤ ቀጥሎ ቀረብ ብለን፤ ከዚያ የፊደሉ መጠን እንዲታወቅ ማስመሪያ ከጎኑ ይዘን አነሳን። ስንት ሰዓት ላይ እንዳየችው፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደዘጋች፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ የተሳደበ ሰው እንደነበር በራሷ አንደበት አማርኛውን እንዳለ ጻፍኩ። ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ካሜራ አለው። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ የቀረጹትን ራሳቸው ስለሚያጠፉ ባለቤቱን በዚያው ሰዓት ለመንነው። ፖሊስ መጥቶ የንብረት ጉዳት ብሎ መዘገበ። በትሕትና፣ ግን ሳንለሳለስ፣ የተጻፈው ቃል በሪፖርቱ ላይ እንዳለ ይግባልን፣ በጥላቻ የተፈጸመ ሊሆን እንደሚችልም ይመዝገብልን ብለን ጠየቅን፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ተቀበልን። በጥላቻ የሚለው ቃል ሪፖርት ላይ ካልሰፈረ የአገሪቱ ቁጥር ውስጥም አይገባም። ኤፍ ቢ አይ በየዓመቱ የሚያወጣው አኃዝ ከየፖሊስ ጣቢያው የሚላክለት ብቻ ነውና።

ከዚህ ላይ ሕጉን ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። መንገድ ላይ ቆሞ ወደ አገርህ ሂድ ያለህ ሰው፣ ምንም ክፉ ቢሆን፣ በአሜሪካ ሕግ ለንግግሩ ብቻ አይታሰርም። ሲመታህ፣ በአካልህ ላይ ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ በእርግጥ ሲያስፈራራህ፣ ንብረትህን ሲያበላሽ፣ ይህንንም ያደረገው በዘርህ፣ በቀለምህ፣ በሃይማኖትህ፣ በትውልድ አገርህ ምክንያት፣ ወይም እንደዚያ ነህ ብሎ ስለገመተ ከሆነ ግን ወንጀሉ ሌላ ስም ያገኛል። ኦሪገን በ2019 ሕጉን አሻሽላለች። ከዚያ በፊት ከባዱ ወንጀል እንዲቆጠር አጥቂዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ መሆን ነበረባቸው፤ ያ ቀርቷል። ከ2020 ጀምሮም በግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ስር የጥላቻ ጥቃት የሚነገርበት የስልክ መስመር አለ። ፖሊስ ባይጠራም፣ ነገሩ ወንጀል ባይሆንና ስድብ ብቻ ቢሆንም ይመዘግቡታል፤ በአስተርጓሚ ያነጋግራሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁም። ይህን በየስብሰባው እደግመዋለሁ። አሁንም ስለ መስመሩ ሰምቶ የማያውቅ አባል በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ አንድ የመስጊድ ጎረቤታችንና ማዶ ያለው የፒዛ ቤት ልጅ መጡ። በሩን በአረንጓዴ ቀቡት። ቀለሙ ከድሮው ጋር አልገጠመም፤ ስድቡም ከሥር ስለታየ ሁለተኛ መደረብ ነበረበት። ለባለሱቋ ከቀለሙ ይበልጥ የረዳት ግን ቅዳሜ የሆነው ነው። በእድሩ የስልክ ዝርዝር ቤተሰቡ ሁሉ እንጀራውን ከእሷ እንዲገዛ ነገርን፤ የፒዛ ቤቱ ልጅ ለደንበኞቹ ነገረ። እንጀራው ከእኩለ ቀን በፊት አለቀ። ሰው አይስማብኝ ያለችው ሴት ለመጣው ሁሉ ስለ በሩ ራሷ ስታወራ ዋለች።

እድራችን ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በደንቡ ውስጥ ያስገባው። አንድ አባል ሲያርፍ ማን ለማን እንደሚደውል እናውቃለን። አዳራሹን የሚይዘው፣ ምግቡን የሚያስተባብረው፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበትን ወረቀት የሚጨርሰው ሰው አስቀድሞ ተመድቧል። ያዘነ ቤተሰብ ከመጣበት ሐዘን በቀር ስለሌላ ነገር እንዲያስብ አይደረግም። ለጥላቻ ጥቃትም ይህንኑ አደረግን። አንድ ሰው ተጠቂውን ያነጋግራል፤ ሌላ ሰው አይደውልለትም፤ ታሪኩን ለአሥር ሰው እየደጋገመ እንዳይታመም። አንዱ ማስረጃ ይሰበስባል። አንዱ ከፖሊስና ከስልክ መስመሩ ጋር ይነጋገራል። ለጋዜጠኛ መልስ የሚሰጠው ከቤተሰቡ ፈቃድ ሳያገኝ አፉን አይከፍትም። ለመስኮት፣ ለሐኪም፣ ከሥራ ለቀሩበት ቀን የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከእድሩ ካዝና ተለይቶ ተቀምጧል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፤ ማቀዝቀዣ ላይ በማግኔት ይለጠፋል።

ስለ መንገድና ባቡር የምናስተምረውም አለ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2017 ሜይ ወር በዚሁ በፖርትላንድ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ወጣት ልጃገረዶችን ሲሰድብ፣ አንደኛዋ ሒጃብ ለብሳ ነበር፣ ሦስት ሰዎች መካከል ገቡ። ሁለቱ በጩቤ ተወግተው ሞቱ፤ ሦስተኛው ቆስሎ ተረፈ። ጀግንነታቸውን አከብራለሁ። ለልጆቻችን ግን ከተሳዳቢው ጋር ግጠሙ ብለን አናስተምርም። ወደ ተሰደበው ሰው ሂዱ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁም ቢሆን አነጋግሩት፣ አብራችሁት ውረዱ፤ ሹፌሩን ጥሩ፤ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ይቅረጽ፤ ቪዲዮውን ግን ለተጠቂው ስጡ እንጂ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት እንላለን።

የቀረኝን ነገር ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ደንቡን ስናወጣ አንድ ወጣት አባል ተነስቶ "አጥቂው የእኛው ሰው ቢሆንስ?" አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በአገር ቤት ጦርነት ከተነሳበት ከ2020 ወዲህ እዚህም ብዙ ነገር ተበላሽቷል። አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ተኮራርፈዋል፤ ማኅበራት ተከፍለዋል። በትውልዱ ምክንያት ካፌ ውስጥ የተሰደበ፣ ልጁ በሐበሻ ልጆች የተገለለበት፣ ሱቁ አትግዙበት የተባለበት ሰው አለ። ከትግራይም፣ ከኦሮሞም፣ ከአማራም እንዲህ ያለውን ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ማን ቀድሞ ጀመረ ወደሚለው ክርክር አልገባሁም። አንድ ወገን እጅ ውስጥ ገብቶ የሚቀር የበደል ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም።

ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርን። አንዳንዶች ይህ ፖለቲካ ነው፣ እድሩን ያፈርሰዋል አሉ፤ ሥጋታቸው እውነተኛ ነው። እኔ የቆምኩት ደንቡ ለሁሉም አንድ ይሁን ከሚሉት ጋር ነበር። በመጨረሻ በጠባብ ልዩነት የጸደቀው እንዲህ ይላል፦ ጥቃቱ ከሐበሻ ወደ ሐበሻ ከሆነም ያው ቅጽ ይሞላል፣ ያው ገንዘብ ይወጣል፤ ለተጠቂው መጀመሪያ የሚደውለው ግን ከአጥቂው ወገን የሆነ የእድር አባል ነው። አማራ ከሰደበ አማራ ይደውላል፤ ኦሮሞ ከሰደበ ኦሮሞ፤ ትግሬ ከሰደበ ትግሬ። ለማስታረቅ አይደለም የሚደውለው፤ ሽምግልና ተጠቂው ሲፈልግ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው። የሚደውለው ሰምቻለሁ፣ ልክ አይደለም፣ ምን ልርዳህ ለማለት ነው።

አንድ ጊዜ ሠርተንበታል። ደዋዩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስልኩን ከማንሳታቸው በፊት ላባቸውን ሲጠርጉ አጠገባቸው ነበርኩ። ተጠቂው አነሳው። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ አወራ። እሳቸው "እሺ የኔ ልጅ፣ እየሰማሁህ ነው" ከማለት በቀር ብዙም አልተናገሩም። በደንቡ ምክንያት ከእድሩ የወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ የገቡም አሉ። ደንቡን አብረውን እንዲይዙ ከጋበዝናቸው የሐበሻ ማኅበራት ሦስቱ እስካሁን መልስ አልሰጡንም፤ ኤርትራውያኑ ግን ያችን የአንድ ገጽ ወረቀት በትግርኛ ተርጉመው በየማቀዝቀዣቸው ለጥፈዋታል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የምናነሳው ጉዳይ በአፋን ኦሮሞ ማን እንደሚተረጉማት ነው።